ያልተጻፉት 6 ሳምንታት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

 

ባለፈው ሰንበት ከመዝሙር ጥናት በኋላ አንድ ወንድማችን ጥቂቶቻችንን ለብቻ ጠርቶ አማከረን። እዚህ አሜሪካ ከሚኖሩት ወጣቶቻችን መካከል ፖሊስ ለመሆን የሚያመለክቱ አሉ። እርሱም ቅጹን ሲሞላ፣ በጦር ሠራዊት ውስጥ አገልግሎ እንደ ሆነ ከሚጠይቀው መስመር ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ከ3 ዓመት በፊት በምድር ጦር ተመዝግቦ፣ ቃለ መሐላ ፈጽሞ ሥልጠና ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን 10 ሳምንት ከሚፈጀው መሠረታዊ ሥልጠና 6ቱን ቆይቶ ልቡ አልችል ስላለው ተሰናብቶ ተመለሰ። እናቱም ለጎረቤት «ለትምህርት ሄዶ ነበር» ብለው ነገሩን ሸፈኑት።

«6 ሳምንት ምን አገልግሎት ይባላል? ደግሞስ ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ጨርሼዋለሁ» አለን።

እውነቱን ለመናገር የምንበዛው «ተወው፣ ማን ያውቅብሃል» አልነው። ቤታችን ስንገባ ግን ኅሊናችን ወቀሰን። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነውም ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ የሥራውን ነገር እንመልከት። ቅጹ የሚጠይቀው አገልግለህ እንደ ሆነ እንጂ ብዙ ዘመን አገልግለህ እንደ ሆነ አይደለም። ከሠራዊቱ የሚሰናበት ሰው ዲ.ዲ. 214 የሚባል የመሰናበቻ ወረቀት ይሰጠዋል፤ በሥልጠና ላይ ሳለ የተሰናበተውም አብዛኛውን ጊዜ «መልካም» ወይም «መጥፎ» የሚል ቃል ሳይጻፍበት ይሸኛል። የየመሥሪያ ቤቱ ደንብ ቢለያይም እንዲህ ያለው ስንብት ብቻውን በሩን የሚዘጋበት ጊዜ ጥቂት ነው። በሩን የሚዘጋው መደበቅ ነው። አመልካቹ ቅጹን የሚፈርመው የሞላሁት ሁሉ እውነት ነው ብሎ ነውና፤ መርማሪው መዝገቡን አግኝቶ ቢያነበው፣ የ6 ሳምንቱ ድካም የውሸት ማስረጃ ሆኖ ይቆጠርበታል።

ነገሩ ከተቀጠሩ በኋላም አያበቃም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 በብራዲ ጉዳይ፣ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹን የሚጠቅም ማስረጃ እንዳይደብቅ ወሰነ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ በጊግሊዮ ጉዳይ ይህ ግዴታ የምስክሩን ታማኝነት የሚነካ ማስረጃንም እንደሚያጠቃልል ወሰነ። እንግዲህ ዋሽቶ የተቀጠረ ፖሊስ በችሎት ቆሞ ቢመሰክር ማን ያምነዋል? የተበደለች አንዲት ድኃ ፍትሕ የምታጣው በእርሱ አሮጌ ውሸት ምክንያት ሊሆን ይችላል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚሉት አባቶቻችን ይህን አይተው ነው።

የሐናንያንና የሰጲራን ታሪክ ሁላችን እናውቃለን (የሐዋ. ሥራ 5፥1-11)። ቅዱስ ጴጥሮስ ሐናንያን የወቀሰው ከመሬቱ ዋጋ ከፍሎ ስላስቀረ አይደለም፤ መሬቱም ገንዘቡም የራሱ ነበርና። ወቀሳው ከፊሉን ሰጥቶ ሁሉን እንደ ሰጠ ስለ ዋሸ ነው። እኛን ይበልጥ ያስደነገጠን ግን የሰጲራ ነገር ነው፤ እርሷም የተጠየቀችው ከባሏ ጋር ስለ ተስማማች ነው። «ማን ያውቅብሃል» ያልነው እኛ ታዲያ በማን ቦታ ቆመን ነበር?

ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ማርቆስ የተባለው ዮሐንስ ከቅዱስ ጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ለስብከት ወጥቶ፣ ጵንፍልያ ሲደርሱ ጥሏቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ (የሐዋ. ሥራ 13፥13)። በኋላም በእርሱ ምክንያት ሁለቱ ተከራክረው ተለያዩ። ቅዱስ ሉቃስ ይህን ጽፎታል እንጂ ለማርቆስ ክብር ብሎ አልሸሸገውም። ሆኖም ቅዱስ ጳውሎስ በእርጅናው ዘመን ማርቆስ ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ይምጣልኝ ብሎ ላከበት (2ኛ ጢሞ. 4፥11)። ይህ ከመንገድ የተመለሰው ወጣት ወንጌላዊ ሆነ፤ የእስክንድርያም መንበር በስሙ ይጠራል። ቤተ ክርስቲያናችን በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ እስክታገኝ ድረስ 1600 ዓመታት ያህል ከዚሁ መንበር ጋር ተያይዛ ኖራለች። መመለሱ ተጽፎበታል፤ ነገር ግን የታሪኩ መጨረሻ አልሆነም።

ስለ ንስሐውም ቢሆን፣ ንስሐ ኃጢአትን ያስተሠርያል እንጂ ለጠየቀን ሰው እንድንዋሽ ፈቃድ አይሰጥም። በሥልጠና መድከም ኃጢአት ካልሆነ የሚያሳፍር ነገር የለም፤ ተናዘንበት ከሆነም ፍርሃታችን ቀርቷል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ታሪክ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ቀን፣ የተሰናበታችሁበትንም ምክንያት ባጭሩ ጻፉ። ወረቀቱ ከጠፋባችሁ ሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ ካለው የሠራተኞች መዝገብ ቤት ቅጂውን ጠይቁ። ቃሉ ካጠራጠራችሁ ዝም ከማለት ይልቅ መርማሪውን ጠይቁ። እኛም ወላጆቻችንም ከመንገድ የተመለሰውን ልጅ በሐሜት አንቀበለው፤ ሰው እውነቱን የሚደብቀው ብዙ ጊዜ የእኛን አፍ ፈርቶ ነውና።

ማክሰኞ ማታ ወደ ወንድማችን ሄደን ምክራችንን መለስን፤ ይቅርታም ጠየቅነው። እርሱም በፊታችን 6ቱን ሳምንታት በቅጹ ላይ ጻፈ። ይቀጠር አይቀጠር ገና አልታወቀም። ቢቀጠር ግን መሐላው በውሸት ላይ አይቆምም፤ ባይቀጠርም አንገቱን ቀና አድርጎ ከእኛ ጋር ይዘምራል።

አምላከ ቅዱስ ማርቆስ በእውነት መንገድ ያጽናን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።