የቁራ መልእክተኞች ማደሪያ

ተልኮ ሳይመለስ የቀረን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» እንላለን፤ ኖኅ ከመርከቡ የላከው ቁራ ወጥቶ ቀርቷልና። ስሙ ለእኛ ለስደተኞችም ይስማማል። «ተምሬ እመጣለሁ» ብሎ ሄዶ ሠላሳ ዓመት የቆየ ስንት አለ! ቁራን ማታ ማታ ያየ ሰው ግን ስሙን ለወፉ መልሶ ለመስጠት ያመነታል።

ከሲያትል ወጣ ብላ በምትገኘው ቦተል፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ግቢ ውስጥ ረግረግ መሬት አለ። የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዛፍ ተተክሎበት ወደ ረግረግነቱ ተመለሰ። በብርዱ ወራት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ቁራዎች ከየአቅጣጫው ይጎርፉበታል፤ አንዳንድ ዓመት እስከ 16,000 ይደርሳሉ። (የአገራችን ማጅራተ ነጭ ቁራ አይደለም፤ ይሄኛው ከመንቁሩ እስከ ጥፍሩ ጥቁር ነው።) በቀጥታ ወደ ዛፉ አይገቡም። መጀመሪያ ጣራውን፣ ኳስ ሜዳውን፣ መብራት እንጨቱን ሞልተው ይንጫጫሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ ቅጥሩ ውስጥ ቆሞ ተሰነባብቶ እንደማይሄድ ሕዝብ። ሲጨልም አኻያው ውስጥ ገብተው ዝም ይላሉ። ሲነጋ ሁሉም ወደየእንጀራው ይበተናል።

ለምን ይሰበሰባሉ? ሌሊት ጉጉት አለ፤ ብዙ ዓይን ከአንድ ይሻላል። በ1973 ፒተር ዋርድና አሞጽ ዛሃቪ ሌላ ሐሳብ አቀረቡ፤ ትናንት ሳይቀናው የዋለ ወፍ ጠዋት የጠገበውን ተከትሎ ምግብ ያገኛል የሚል። እንግዲህ ነገሩ ጥቅም ነው ማለት ነው።

ይህችን ቃል ስለ እድራችንም እንሰማታለን፤ «ሰው የሚመጣው ነገ ለእኔም ብሎ እንጂ አዝኖ አይደለም» ትባላለች። ወቀሳው አይዋጥልኝም። ሁለት ሥራ ሠርታ ስታበቃ ለለቅሶ ቤት ወጥ ይዛ የምትመጣ ሴት «ነገ ለእኔም» ብታስብ እንባዋ ውሸት ይሆናል? እንዲያውም ወዳጅን የምንመርጠው እኛን ስለሚመስል ነው። የማይመስለንን ሰው አጠገብ የሚያስቀምጠን ችግር ነው። በፖለቲካ ተኳርፈን እድር ለሁለት የከፈልን ጊዜ ያጣነው ወዳጆቻችንን አልነበረም፤ እነሱ አብረውን ወጥተዋል። ያጣነው መርጠን የማንቀርበውን፣ ግን ሬሳችንን የሚሸከመውን ሰው ነው።

የመሰባሰብ ነውሩ ሌላ ቦታ ነው። ፓትሪክ ወዘርሄድ በ1983 እንደጻፈው፣ በወፎች ማደሪያ ብርቱው መካከሉን ይይዛል፤ ደካማው ጫፍ ላይ፣ ለአዳኙ ቀርቦ ያድራል። ደካማው ምግብ ያለበትን ለማወቅ ሲል ይህን ይችላል፤ ብርቱውም የሚከተለውን የሚታገሠው ጫፉን ስለሚሸፍንለት ነው። ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ዋጋው ግን እኩል አይደለም።

በቁራ አይፈረድም። የእኛስ ጫፍ? አዲስ የመጣው አለ፣ ወረቀት ያላገኘው አለ፣ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛው አለ። መዋጮው ከሁሉም እኩል ነው። የእሑዱ ስብሰባ ላይ «ቀረህ» ተብሎ የሚቀጣው ግን ቅዳሜ ሌሊቱን የሆስፒታል ኮሪደር ሲወለውል ያደረው ነው። ቁራ መዝገብ የለውም። እኛ አለን፤ የቅጣቱ ገንዘብ ከማን እንደተሰበሰበ ስም በስም ተጽፏል።