ስለ ቀኝና ስለ ግራ

ሰው ከተፈጠረበት መልክ በኃይል ቢታጠፍ ታረመ ይባላልን? ይህን ጥያቄ ለወጣቶች የማቀርበው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት ከስሜን ተራራ ግርጌ፥ በዳባትና በደባርቅ መካከል ባለ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ሳስተምር፥ በግራ እጁ የሚጽፍ ልጅ ነበረ። ፊደሉ የተስተካከለ፥ በሒሳብም ፈጣን ነበር። እኔ ግን የግራ እጅ ጽሕፈት ነውር መስሎ ስለ ታየኝ እርሳሱን በቀኙ እንዲይዝ አዘዝሁት፤ በረሳም ጊዜ ጣቱን በማስመሪያ መታሁት። ጽሕፈቱ ተበላሸ። ቀጥሎም ለመልስ እጁን ማንሣት ተወ። ከፋሲካ በኋላ ጭራሽ አልመጣም። የቀረበት ምክንያት እኔ ልሁን ወይም የቤቱ ችግር እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ኅሊናዬ ግን እኔን ከመጠየቅ አላረፈም።

በቅርቡ ስለ አንድ የሆላንድ ኬሚስት ሥራ ባነበብሁ ጊዜ ይህ ልጅ ትዝ አለኝ። ሰውየው ቤን ፌሪንጋ ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 በአንድ የገጠር መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ፤ ከ10 ልጆችም ሁለተኛው ነው። በ1978 በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀብሎ፥ ጥቂት ዓመታት በሼል ኩባንያ ከሠራ በኋላ በ1984 ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። ዕድሜውን የሰጠበት ምርመራ በእኛ አነጋገር የቀኝና የግራ ነገር ነው።

ሁለት እጆቻችሁን አስተያዩ። የጣታቸው ቍጥር እኩል፥ መልካቸውም አንድ ነው፤ ነገር ግን አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል ስለ ሆነ የቀኙ ጓንት ለግራው አይገባም። ብዙ ሞለኪውሎችም እንዲሁ ቀኝና ግራ ሆነው ይገኛሉ። ኬሚስቶች ይህን ካይራሊቲ ይሉታል፤ ቃሉም እጅ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። ሁለቱ በክብደትም ሆነ በሚቀልጡበት ሙቀት አይለያዩም። ታዲያ የትኛው ይበልጣል? አንዱም ከአንዱ አይበልጥም።

ፌሪንጋ በ1999 ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር፥ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ፥ በብርሃን የሚዞር ሞተር ሠራ። ይኸውም በአንድ መጋጠሚያ የተያያዙ ሁለት ክንፎች ያሉት ሞለኪውል ነው። ብርሃን ሲያርፍበት አንዱ ክንፍ ይዞራል፤ ከዚያም ሙቀት ክንፉን በሌላው አጠገብ አሳልፎ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋበታል። ሁለት ጊዜ ብርሃን፥ ሁለት ጊዜም ሙቀት ሲሆን አንድ ዙር ይሞላል። ወደ የት እንደሚዞር የሚወስነው ግን ብርሃኑ ሳይሆን የሞለኪውሉ የራሱ ጠመዝማዛ ቅርጽ ነው፤ ቀኙ ወዲህ፥ ግራው ወዲያ ይዞራል።

በደባርቅ እናቶች እንዝርት ሲያሾሩ ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። እንዝርቱ ወደ ቀኝም ቢሾር ወደ ግራም ቢሾር ፈትሉ ይከርራል፤ የጀመሩትን አቅጣጫ የለወጡ እንደ ሆነ ግን የከረረው ይፈታል። እኔም በዚያ ልጅ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ የከረረውን ፈታሁት።

በ2011 ደግሞ ፌሪንጋና ባልደረቦቹ 4 ሞተሮች እንደ መንኰራኵር የተገጠሙለት መኪና መሰል ሞለኪውል ሠርተው በመዳብ ገጽ ላይ በኤሌክትሪክ አስኬዱት። ቀጥ ብሎ የሄደው የቀኝና የግራ ሞተሮች በየቦታቸው በተሰለፉ ጊዜ ነው፤ ሁሉም ቀኝ ብቻ፥ ወይም ሁሉም ግራ ብቻ ቢሆኑ ቀጥ ብሎ መሄድ አይቻለውም። በ2016 ፌሪንጋ ከዣን ፒየር ሶቫዥና ከፍሬዘር ስቶዳርት ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ።

ሞለኪውል ኅሊና የለውምና ሕጉ ለሰው ሕግ አይሆንም። ነገር ግን ልዩነት ሁሉ ጉድለት እንዳይደለ ለማሳየት ይበቃል። «ታዲያ ልማድ ይፍረስን?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይፍረስ። በአንድ መሶብ ዙሪያ በቀኝ እጅ መብላት አብረው ለሚበሉት አክብሮት ነው፤ ልጅም ሊማረው ይገባል። እርሳስ ግን የጋራ መሶብ አይደለም።

ወጣቶች ሆይ፥ ነገ መምህር፥ ወላጅ፥ ሹምም ትሆናላችሁ። ከእጃችሁ በታች ያለው ሰው ከእናንተ ስለ ተለየ ብቻ ጥፋተኛ አይምሰላችሁ። አስቀድማችሁ «ልዩነቱ ማንን ይጎዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንንም የማይጎዳ ከሆነ ብርሃኑን ስጡት እንጂ እጁን አትንኩበት። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ማስመሪያ አነሣሁ።