የተጫዋቹ ስምና የትምህርት ቤቱ ዕዳ

ሰው ካሉት ሀብቶች ሁሉ ከራሱ ሊለዩ የማይችሉ ሁለት ናቸው፤ እነርሱም ጉልበቱና ስሙ ናቸው። መሬት ይሸጣል፤ ከብት ይነዳል፤ ቤት ይወረሳል። ጉልበትና ስም ግን ከባለቤታቸው አይለዩም፤ ስምማ አባቶቻችን እንዳሉት ከመቃብር በላይ ይውላል። ስለዚህ አንድ ሰው በሌላው ጉልበትና ስም ሲከብር ባየን ጊዜ፥ ለባለቤቱ ምን ከፈለው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህ ጥያቄ በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ሲነሣ ይበልጥ ይከብዳል። ተማሪ የመጣው ለመማር እንጂ ለመነገድ አይደለም ይባላልና። ነገር ግን ተማሪው ኳስ ሲጫወት ሌላው የመግቢያ ዋጋ ከተቀበለበት፥ ማስታወቂያ ከሸጠበትና ዝና ካተረፈበት፥ የተማሪው ድርሻ ምንድር ነው? ወደ ሌላ ቡድን ልሂድ ቢልስ የሚከለክለው ማን ነው? ማን ይሰለፍ፥ ማን አይሰለፍ የሚለው ደንብስ ማንን ለመጠበቅ የተጻፈ ነው?

በዚህ ነገር ረዥም ክርክር የተካሄደባት አገር አሜሪካ ናት። በዚያ የዩኒቨርሲቲዎች የቅርጫት ኳስ ውድድር ታላላቅ አዳራሾችን ይሞላል። የኮሌጆቹ የስፖርት ማኅበር በ2010 እ.ኤ.አ. የዓመታዊ ውድድሩን የቴሌቪዥን መብት ለ14 ዓመት በ10.8 ቢሊዮን ዶላር ሸጧል። ተጫዋቹ ግን የትምህርቱን ዋጋ፥ ምግቡንና መኝታውን ከማግኘት በቀር ደመወዝ እንዳይቀበል ለብዙ ዘመን ታግዶ ኖረ። የእገዳው ምክንያት «አማተርነት» ይባል ነበር፤ ይኸውም ለፍቅር እንጂ ለገንዘብ አለመጫወት ማለት ነው።

ቃሉ ውብ ነው፤ ትውልዱ ግን እንደ ውበቱ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የጀልባ ቀዘፋ ውድድር ደንብ፥ በእጁ ሥራ የሚተዳደር ሰው ከአማተሮች ጋር እንዳይወዳደር ይከለክል ነበር። የገንዘብ ንቀት የሚመቸው ገንዘብ ላለው ሰው ነው። የኛው አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ አማተር ነበር፤ ነገር ግን የክብር ዘበኛ ወታደር ስለ ነበረ እንጀራውን የሚሰጠው ደመወዝ ነበረው። አማተር የተባለውንም ሰው የሚያበላው አንድ ወገን አለ ማለት ነው።

ስም መስጠት ቀላል ነገር አይምሰለን። በ1955 እ.ኤ.አ. ሬይ ዴኒሰን የተባለ የአሜሪካ ኮሌጅ ተጫዋች በእግር ኳሳቸው ሜዳ ራሱን ተመትቶ ሞተ። ሚስቱ በሥራ ላይ ለሞተ ሠራተኛ የሚሰጠውን ካሣ ጠየቀች፤ የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1957 ኮሌጁ የእግር ኳስ ነጋዴ አይደለም ብሎ ከለከላት። በዚያው ዘመን የኮሌጆቹ ማኅበር «ተማሪ ስፖርተኛ» የሚለውን መጠሪያ በየደንቡ እንዲገባ አደረገ። በመጠሪያው ላይ «ተማሪ» የሚለው ቃል መቅደሙ ለትምህርት ከመቆርቆር ብቻ አልነበረም፤ ተጫዋቹ ሠራተኛ ተብሎ ካሣ እንዳይጠይቅም ነበር።

ጊዜ ግን ሁሉን ይገልጣል። በ1995 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲውን ለቅርጫት ኳስ ሻምፒዮናነት ያበቃው ኤድ ኦባነን፥ ከብዙ ዓመታት በኋላ የራሱን መልክ የሚመስል ተጫዋች በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ሲሸጥ አገኘው፤ እርሱ ግን ፈቃዱን አልተጠየቀም፥ ዋጋም አልተከፈለውም። በ2009 ክስ መሠረተ፤ በ2014 የመጀመሪያው ፍርድ ለእርሱ ደላ። በ2021 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ክስ በማኅበሩ ላይ በአንድ ድምፅ ፈረደ፤ በዚያው ዓመት ተማሪዎች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በ2025 ደግሞ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት፥ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለተጫዋቾቹ በቀጥታ ለመክፈል ቻለ።

ይህን በቢታ ገነት ሆኖ የሚያነብ መምህር፥ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ነው ሊል ይችላል። እንዲያውም የካፋ ሰው ከማንም አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባ ነገር ነው። የአረቢካ ቡና ከእነዚህ የደቡብ ምዕራብ ደኖች የወጣ ነው፤ አውሮፓውያን ለቡና የሰጡት መጠሪያ ከካፋ ስም የመጣ ነው የሚሉም ብዙዎች ናቸው። ሆኖም ቡናው ባሕር ሲሻገር ትርፉ ከለቃሚው ይልቅ ቆልቶ ከሚሸጠው ዘንድ ሲቀር ኖሯል። በ2005 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ሲዳሞ፥ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደረገ። በዚያ ክርክር አገራችን የጠየቀችው የፍሬውን ብቻ ሳይሆን የስሙንም ዋጋ ነበር። አገር ለቡናዋ ስም ዋጋ መጠየቋ ትክክል ነው ካልን፥ ወጣት ለገዛ ስሙ ዋጋ ሲጠይቅ ስግብግብ ልንለው አንችልም።

አሁን አንድ ምሳሌ እናስብ። በቢታ ገነት የሚማር የ17 ዓመት ልጅ በኳስ ችሎታው ይታወቃል እንበል። በትምህርቱ ዘመን እኩሌታ ላይ ከሩቅ ከተማ አንድ ክለብ መጥቶ ከመምህሩ የሚበልጥ የወር ደመወዝ ሰጥቶ ሊወስደው ፈለገ። አባቱ እርሻው አነስተኛ ነው፤ ታናናሾቹም ብዙ ናቸው። ትምህርት ቤቱ መሸኛውን ሊይዝበት ይገባልን?

አይገባውም። መሸኛም ሆነ የክለብ መልቀቂያ የሰውን ጉዞ የሚመሰክር ወረቀት እንጂ ሰውን የሚያስር ገመድ አይደለም። በአሜሪካ አሠልጣኙ ደመወዝ በበለጠለት ጊዜ በማግሥቱ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ፥ እርሱን ተከትሎ የመጣው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ግን ቢዛወር አንድ ዓመት ከውድድር ውጭ ይቀመጥ ነበር። ይህ ደንብ በ2021 ላላ፤ በ2024 በትምህርቱ ብቁ ለሆነ ሁሉ ቀረ። ደንብ ኀይለኛውን ለቅቆ ደካማውን ብቻ የሚይዝ ከሆነ ሥርዓት ሳይሆን አድልዎ ነው።

በጎ ዓላማ ያለው ደንብም ከዚህ ፈተና አያመልጥም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1965 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ በውጭ ከሚጫወቱት ልጆቹ ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ ወስኖ ነበር። ደንቡ በ1982 ተነሣ፤ ያን ጊዜ ፕሬዚዳንቱ የኛው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በአገር የሚቀረውን ተጫዋችና የአገሩን ውድድር ማክበር መልካም ነበር። ሆኖም ለእንጀራው የተሰደደው ልጅ ለአገሩ መሰለፍን በዕጣ እንደሚያገኘው ነገር ሆነበት።

ያሠለጠነው ወገን ድካምስ በከንቱ ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ደንብ ተጫዋቹን ከ12 እስከ 21 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ካሣ እንዲከፈል ያዛል። አስተውሉ፤ ካሣው የሚጠየቀው ከሚወስደው ክለብ ነው እንጂ ከልጁ አይደለም። ነገር ግን ደንቡ የሚያውቀው ክለብን ነው፤ በጭቃ ሜዳ ላይ መጀመሪያ ኳስ ያስጨበጠውን የገጠር መምህር አያውቀውም። በአገራችን ደንብ ሲጻፍ ይህን መሙላት ይቻላል።

ሌላው ብርቱ ተቃውሞ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ብዙዎቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ የወሰነው ወጪው ከልክ ስላለፈ ነበር። መማሪያ መጽሐፍ ላጠረበት ከተማ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ነውር የለበትም። ፍትሕ የሚሆነው ግን ተጫዋቹ በጉዳዩ ሲሰማ፥ ልክም በደላላውና በኀላፊው ድርሻ ላይ ጭምር ሲደረግ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው፤ ደመወዝ የትምህርት ቤትን ዕዳ አይከፍልም። ዛሬ በአሜሪካ ገንዘቡን እየተከተለ በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲ የሚለውጥ ተማሪ አለ። ነጻነቱ መብቱ ነው፤ ነገር ግን ከየቦታው ቍራጭ ትምህርት ይዞ ያለ ዲግሪ የሚወጣ ከሆነ፥ ትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ቀጠረ እንጂ ተማሪ አላስተማረም። ጉልበት በ30 ዓመት ይደክማል፤ አንዲት ክፉ ግጭትም በ19 ዓመት ትሰብረዋለች። በዚያን ቀን ከልጁ ጋር የሚቀረው የተማረው ነው። ቀድሞ ትምህርት እየሰጡ ዋጋን ይነፍጉ ነበር፤ አሁን ደግሞ ዋጋን እየሰጡ ትምህርትን መንፈግ በደሉን ለወጠው እንጂ አላስቀረውም።

ስለዚህ ያ የ17 ዓመት ልጅ ይሂድ። ሲሄድ ግን ውሉ በአባቱና በመምህሩ ፊት በሚገባው ቋንቋ ይነበብለት፤ የትምህርቱ ቦታና ሰዓት እንደ ደመወዙ ሁሉ በውሉ ይጻፍ፤ ቢጎዳ የሚያሳክመው ይታወቅ፤ ስሙና ፎቶግራፉ በተሸጡ ጊዜ ድርሻው ይለይ። ይህን ማድረግ የሚሻለው ብዙ ገንዘብ ወደ ትምህርት ቤቶቻችን ሜዳ ሳይገባ ዛሬ ነው። ቦይ የሚቀደደው ክረምት ሳይገባ ነውና፤ ውሃም ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በካፋ ደን ቀፎውን በረዥም ዛፍ ላይ የሚሰቅል ሰው ማሩ የድካሙ ዋጋ እንደ ሆነ ያውቃል። አስተዋዩ ግን ማሩን ሲቆርጥ ንቦቹ የሚኖሩበትን ያስቀርላቸዋል። ኀላፊዎችና መምህራን የልጆቻችንን ጨዋታ ስናስተዳድር ከዚህ ሰው ያነሰ ማስተዋል ሊኖረን አይገባም።