ሁለት ጣት

አንድ ባለ አይሱዙ ነበር። መኪናው ሾፌሮች በጥድፊያው የተነሳ «አልቃይዳ» እያሉ ከሚጠሩት ዓይነት ነው። ሰውየው መሪውን ለማንም አይሰጥም ነበር። ሹፌር ይቀጠር ሲባል፣ «ሰው የሰው ንብረት አያዝንለትም» ይላል። ከጎኑ የሚቀመጠው አንድ ረዳት ብቻ ነው፤ እሱም ዝም እንዲል ነው የሚፈለገው።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ጣርማበርን ሲወጣ ጉም ወረደበት። ያንን ዳገት በክረምት የወጣ ያውቀዋል፤ ከፊት ያለው መኪና በመብራቱ ሳይሆን በጭሱ ሽታ ነው የሚለየው። አንድ ተሳቢ ተበላሽቶ ቀኙን ይዞ ቆሟል። ባለተሳቢው እንደ ደንቡ ድንጋይ ደርድሯል፣ ቅጠልም ጎዝጉዟል።

«ጋሼ፣ ቅጠል አለ» አለ ረዳቱ።

ሰውየው ቅጠሉን ያየው ከረገጠው በኋላ ነው። መሪውን ወደ ግራ ቢጠመዝዝም ቀኝ ጥጉ ከተሳቢው ኋላ ጋር ተላተመ። ነፍስ አልጠፋም። ሽንኩርቱ ግን ከነማዳበሪያው እየተንከባለለ የመጣበትን ቁልቁለት ወደ ደብረ ሲና ተመለሰ።

«ነግሬዎት ነበር እኮ» አለ ልጁ።

«ጥፋቱ የተሳቢው ነው። ዝም በል!»

መኪናው ተጎትቶ አዲስ አበባ ጋራዥ ገባ። መካኒኩ ዓይን ያየውን ጻፈ፦ ፓራውልት፣ ፓራፋንጎ፣ የቀኝ መብራት፣ ራዲያተር። ሰውየው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረደ።

ሶማሌ ተራን ለማያውቅ፦ መኪና ተበልቶ አጥንቱ በየቆርቆሮው ላይ የተሰቀለበት ሰፈር ነው። «ኦርጅናል ነው፣ ታይዋን ነው፣ ቻይና ነው፣ ያገለገለ ነው የምትፈልገው?» ይሉሃል። ቀጥለው የተመረተበትን ዓመትና የሻንሲ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ይህን የሚጠይቅህ ደህና ነጋዴ ነው። ሁለት አይሱዙ እንደ መንታ ቢመሳሰሉም የአንደኛው ጋቢና ጠባብ፣ የሌላው ሰፊ ይሆናል፤ የጠባቡ ፓራውልት ለሰፊው አይሆንም። መሪያቸው በቀኝ ከሆነበት አገር የመጣ ያገለገለ ጋቢና ገዝቶ፣ የመሪው ቀዳዳ በረዳቱ እግር በኩል ሆኖበት የቀረ ሰው አውቃለሁ።

ሰውየው መጀመሪያ ኦርጅናል መብራት ገዛ። ካርቶኑ ኦርጅናል ነበር። ውስጡ ያለው ግን ማሰሪያ ጆሮው በጥፍር የሚታጠፍ ፎርጅድ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ እውነቱን ነው፣ ተታሏል። ችግሩ፣ አንዴ መታለሉ ሁሉንም ሌባ ለማለት ፈቃድ የሰጠው መሰለው።

በማግስቱ ከአንድ ወጣት ነጋዴ ታይዋን ፓራውልት ገዛ። ጋራዥ ወስደው ሲለኩት የግራዎቹ ቡሎኖች ገቡ፣ የቀኞቹ አልደረሱም። ተሸክሞ ተመለሰ። የወጣቱ ሱቅ ግንብ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል።

«ጋሼ፣ በሻንሲ ቁጥርህ እኮ ነው ያወጣሁልህ» አለ ወጣቱ።

«ሌባ! ደግሞ ቁጥር ይጠራልኛል!» ሰው እስኪሰበሰብ ሰደበው፤ አሳዳጊውንም ጨምሮ። ብሩ አልተመለሰም። ፓራውልቱ ጋራዡ ጓሮ፣ ሽንት ቤቱ ጀርባ ተጣለ።

በዚህ መሃል ሐምሌ 22 ደረሰና የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ጠዋት የተጠየቀ ዋጋ ከሰዓት አይገኝም፤ ነጋዴው ስልኩን እያየ ነው የሚመልስልህ። ሰውየው ከዚህ በኋላ ለመመለስ እንኳ አቅም አጣ። ስለዚህ የገዛውን ሁሉ በግድ ማስገጠም ጀመረ። እውነተኛ ኦርጅናል የነበረውን ራዲያተር ማሰሪያውን በግራይንደር አስቆረጠው። የፓራፋንጎውን ቀዳዳ በትራፓኖ አስሰፋው። ሁለተኛ ፓራውልት ገዝቶ ቀኝ ጆሮውን አስቆርጦ ሁለት ጣት ወደ ኋላ አስበየደው። በስቱኮ ተለሰነ፣ ቀለም ተቀባ። አማረ።

የመጀመሪያው ቀን ቀለበት መንገድ ላይ መሪውን ለቀቅ ሲያደርገው መኪናው ወደ ቀኝ ሄደ። ከወር በኋላ አዲስ የገባው የፊት ጎማ በአንድ ጎኑ ተላጠ።

«ጎማውም ፎርጅድ ነው» አለ።

ጋራዡ ውስጥ ሁሉም አባባ የሚላቸው አንድ አዛውንት ባትላሜራ ነበሩ። ጎማውን በመዳፋቸው ዳበሱና ረዳቱን ጠሩት።

«የመታው በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ ጥጉ፣ አባባ። ጥጉን ብቻ።»

ቱምቢ አመጡ። ከሻንሲው አራት ቦታ ላይ ቱምቢውን እያወረዱ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። መኪናው ተገፍቶ ሲወጣ ወለሉ ላይ አራት ነጭ ነጥቦች ቀሩ። ረዳቱ ሲባጎውን አንዱ ጫፍ ላይ ያዘ፤ እሳቸው ከፊት ግራው ወደ ኋላ ቀኙ በሰያፍ ዘረጉት፤ ቋጠሩት። ያንኑ ሲባጎ ከፊት ቀኙ ወደ ኋላ ግራው ወሰዱት። ቋጠሮው ነጥቡን አልፎ ሄደ። ጎንበስ ብለው ትርፉን በጣታቸው ለኩ።

«ልጄ፣ ሁለት ጣት ነው» አሉ። «ቀኙ ሻንሲ ወደ ኋላ ተገፍቷል። ይህን ለክተኸው ነበር?»

ሰውየው ነጥቦቹን አየ፤ ሽንት ቤቱ ጀርባ የተጣለውንም ፓራውልት አየ። መልስ አልሰጠም።

ማቅናቱ አራት ቀን ፈጀ። አዛውንቱ እሳት አላስነካም አሉ፤ የሻንሲ ብረት በእሳት ከለሰለሰ ጭነት አይችልም። በክሪክና በሰንሰለት፣ ትንሽ እየሳቡ፣ እያሳደሩ፣ እንደገና ቱምቢ እየጣሉ። በአራተኛው ቀን ሲባጎው ከነጥብ ነጥብ ልክ ሆነ።

ያኔ ነው ጉዱ የመጣው። የተቆረጠው ራዲያተር ተንጠልጥሎ ቀረ። ጆሮው ተቆርጦ የተበየደው ፓራውልት ሁለት ጣት ተረፈው። ተጠምዝዞ የገጠመ ሁሉ አልገጥም አለ። ረዳቱ ሳይታዘዝ ወደ ጓሮ ሄደ፤ የተጣለውን ፓራውልት አውጥቶ የሸረሪት ድሩን በጨርቅ ጠረገውና አስጠጋው። ቡሎኖቹ ቁልፍ ሳይነካቸው በእጅ ገቡ፤ የግራዎቹም የቀኞቹም።

በማግስቱ ሰውየው ሶማሌ ተራ ወረደ። ምንም ዕቃ አልያዘም። መንገድ ላይ የሚለውን ሲያሰላስል ነበር የመጣው። ወጣቱ ነጋዴ ከሩቅ አየው። ለሰላምታ አልተነሳም፤ የሚያጸዳውን ዳይናሞ ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ፣ ጥቁር ዘይት በነካው ጣቱ ከራሱ በላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ አሳየው።