ሰሚው ስንት ነጥብ አገኘ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ እኛ የካፋና የቦንጋ ሰዎች ቡናን እናውቃለን። ቡና ለገበያ ሲቀርብ ደረጃ የሚያወጣለት ቀማሽ አለ። ቀማሹ ከየስኒው በማንኪያ ሳብ ያደርግና በአፉ ውስጥ አዟዙሮ ጣዕሙን ለይቶ ይተፋዋል። ከዚያም ነጥቡን ይጽፋል፤ ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘው ልዩ ጣዕም ካላቸው ቡናዎች ይቆጠራል። ሥራው ስለሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን ሃምሳ ስኒ ቢቀምስም ቡና ጠጣ አይባልም።

ዛሬ በጆሮና በዓይን እንዲህ ዓይነት ቀማሾች የሆንን ብዙ ነን። ያየነውን ፊልም፣ የሰማነውን መዝሙርና ስብከት በደብተር ወይም በስልካችን እንመዘግባለን። «ይሄ 9 ከ10፣ ያኛው 4 ከ10» እንላለን። ጾም ሲገባ ፊልሙን ትተን በስብከት እንተካውና «በዚህ ጾም 40 ስብከት ሰማሁ» ብለን እንቆጥራለን። ታዲያ ይሄ ምን ክፋት አለው?

መመዝገቡ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም ሁሉን መርምረን መልካሙን እንድንይዝ አዝዞናል (1ኛ ተሰ. 5፥21)። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ዓይንም ጆሮም እንዲጾሙ አስተምሮናል፤ የሚጾም ዓይን ደግሞ ምን እንዳየ ማወቅ አለበት። በቀን 2 ሰዓት ፊልም የሚያይ ሰው በ55ቱ ቀናት 110 ሰዓት ይሆንበታል። ደብተሩ ይህን ካሳየው ጥሩ መካሪ ሆነለት ማለት ነው።

ችግሩ መርምረን ስናበቃ መልካሙን ሳንይዝ መቅረታችን ነው። በነቢዩ በሕዝቅኤል ዘመን ሕዝቡ ቃሉን ለመስማት ይሰበሰቡ ነበር። ነቢዩን ድምፁ እንዳማረ ዘፋኝ አድርገው አደነቁት፤ የሰሙትን ግን አላደረጉትም (ሕዝ. 33፥30-32)። እኛስ? ሰባኪው ስለ ዕርቅ አስተማረ፤ «ግሩም ነው፣ 9 ይገባዋል» አልን። ከጎረቤታችን ጋር ግን ዛሬም አንነጋገርም። ቃሉን ቀምሰን ተፋነው ማለት ነው። ቃሉ ሊመዝነን መጥቶ እኛ መዛኝ ሆንን። ነጥብ ሰጪ ከሆንን በኋላ ደግሞ መመከር ይከብደናል፤ ሁልጊዜ ከወንበሩ በላይ ነንና።

አባቶቻችንም ጽሑፍን ለነፍስ ጥቅም አውለውታል። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድል ላይ ታላቁ አባ እንጦንስ መነኮሳቱን፣ እያንዳንዱ ሥራውንና የልቡን አሳብ ለሌላው እንደሚናገር ሆኖ ይጻፈው ብሎ ይመክራቸዋል። ሰው የሚታይበትን ነገር ሲጽፍ ያፍራል፤ ሲያፍር ይመለሳል። ልብ በሉ፣ በዚያ ጽሑፍ የሚመረመረው ጸሐፊው ራሱ ነው።

በዐቢይ ጾም ስድስተኛ እሑድ፣ በገብር ኄር፣ የሚነበበው ወንጌልም ይህንኑ ያሳስበናል። ጌታው ተመልሶ አገልጋዮቹን ሲቆጣጠር መክሊቱ ምን ያህል ያምር እንደነበር አልጠየቃቸውም። የጠየቃቸው ምን እንዳተረፉበት ነው (ማቴ. 25፥14-30)።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ ደብተርህን አትቅደድ፤ ደብተርሽን አትጣዪ። ነጥብ የምንጽፍበትን ቦታ ግን እንለውጠው። ከሰማነው ስብከት አጠገብ «ምን አድርግ አለኝ?» ብለን እንጻፍ፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ «አደረግሁት ወይ?» ብለን እንመለስበት። ካየነው ፊልም አጠገብ «ከዚህ በኋላ ጸሎት ቀለለኝ ወይስ ከበደኝ?» እንበል። ባዶ ሆኖ የቀረውን መስመር ይዘን ወደ ንስሐ አባታችን እንሂድ። አርባ ስብከት ሰምቶ አንዱንም ካልፈጸመ ሰው፣ አንዱን ሰምቶ የጎረቤቱን ደጅ ያንኳኳ ይበልጣል።

የሰማነውን በልባችን ያሳድርልን፤ ጾሙን የበረከት ጾም ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።