ያለ ደመወዝ የፈሰሰ ላብ፦ ስጦታ ወይስ ዕዳ?

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ልጁን ለትምህርት ወደ አውሮፓ የላከ አንድ ወዳጄ ባለፈው ክረምት ያጫወተኝን ላካፍላችሁ። ልጁ የዩኒቨርሲቲ ዕረፍቱን ያሳለፈው ከከተማ ርቆ በሚገኝ የአንድ ቤተሰብ እርሻ ላይ ነው። ቤተሰቡ የሚበላውን በራሱ እጅ ያመርታል፤ ከፋብሪካ የወጣ ማዳበሪያም ሆነ ፀረ-ተባይ መድኃኒት አይጠቀምም። ልጁ ስድስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ካሮት ሲያርም፣ ዶሮ ሲመግብ፣ ፍግ ሲገለብጥ ከረመ። የተከፈለው ሳንቲም የለም፤ ያገኘው መኝታና ምግብ ብቻ ነው። አባትየው ይህን ካጫወተኝ በኋላ፣ «ለመሆኑ ይህ ኸይር ሥራ ነው ወይስ ሞኝነት? ልጄን ላመስግነው ወይስ ልቆጣው?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም ለጊዜው «እንደ ኒያው ነው» ብዬ መለስኩለት። ሥራ በኒያ እንደሚመዘን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናልና መልሱ ስሕተት አልነበረም። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን መልሴ ጎደሎ መስሎ ታየኝ። የልጁ ኒያ የሚወስነው የልጁን አጅር ነው። ያ ቤተሰብ በልጁ ላብ ላይ ያለበትን ኃላፊነት ግን የልጁ ኒያ አያነሳለትም። አንድ ሰው «ለአላህ ብዬ ነው» ሲል፣ ተቀባዩ «እንግዲያውስ ዕዳ የለብኝም» ሊል ይችላልን? ዛሬ ከእናንተ ጋር ልመረምረው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው።

የሰው እጅ ለምን አስፈለገ?

እንዲህ ያለው የበጎ ፈቃድ ሥራ በአውሮፓ የታወቀ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደን ከተማ በጸሐፊነት ትሠራ የነበረች ሱ ኮፓርድ የተባለች ሴት፣ የከተማ ሰው ቅዳሜና እሁድ ወደ ገጠር ወጥቶ ያለ ኬሚካል በሚታረስ መሬት ላይ እንዲሠራ አንድ ዝግጅት ጀመረች። ዝግጅቱ እያደገ ሄዶ ዛሬ «ዉፍ» በሚል አጭር መጠሪያ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ስምምነቱ ቀላል ነው፤ እንግዳው አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይሠራል፤ ባለ እርሻው ያበላዋል፣ ያሳድረዋል፣ የሚያውቀውን ያስተምረዋል። ገንዘብ በመካከላቸው አይገባም።

እንዲህ ያለ እርሻ የሰው እጅ የሚሻው በምክንያት ነው። የካሮት ዘር ከአፈር ብቅ ለማለት ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊወስድበት ይችላል፤ አረሙ ግን እስኪበቅል አይጠብቀውም። ሌላው ገበሬ ፀረ-አረም ረጭቶ ይገላገላል፤ ይኸኛው ግን ተንበርክኮ በጣቱ ይለቅማል። ከፍግ፣ ከገለባና ከቅጠል የሚከመረው ብስባሽም ከውስጥ እስከ 60 ዲግሪ ሊግል ይችላል፤ አየር እንዲያገኝና በደንብ እንዲበሰብስ በየጊዜው መገልበጥ አለበት። ኬሚካሉ ሲቀር ሥራው አይቀርም፤ ወደ ሰው ወገብና ጉልበት ይዛወራል እንጂ።

ነገሩ ለሙስሊሙም እንግዳ አይደለም። በእንግሊዝ አገር፣ በኦክስፎርድ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ሙስሊም ቤተሰብ ዊሎብሩክ የተባለ እርሻ መሥርቷል። የቤተሰቡ ሐሳብ ሐላል ማለት የአስተራረድ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ፣ አላህ ሐላልን ከጠይብ ጋር አያይዞ እንዳዘዘ፣ ስለዚህም እንስሳውና መሬቱ እንዴት እንደተያዙ መጠየቅ እንደሚገባ ማሳየት ነበር። መልካም ሐሳብ ነው። እኔ ግን በዚያው መንገድ አንድ ጥያቄ ልጨምር እወዳለሁ፤ ስለ ዶሮዋ አያያዝ ከጠየቅን፣ ዶሮዋን ስለመገበው ሰው አያያዝስ አንጠይቅምን?

ራሱን የቻለ ማን ነው?

በእጅ ሥራ ማደር ክብር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ከገዛ እጁ ሥራ ከሚያገኘው የተሻለ ምግብ እንደማይበላ ነግረውናል፤ ነቢዩላህ ዳውድም (ዐ.ሰ.) ንጉሥ ሆነው ሳለ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር አውስተዋል። ሆኖም «ራሳችንን ችለናል» የሚለው ቃል ሲደጋገም ልብን ያሳብጣል። በሱረቱል ዐለቅ አላህ (ሱ.ወ.) የሰው ልጅ ወሰን የሚያልፈው ራሱን የተብቃቃ አድርጎ ሲያይ መሆኑን ያስታውሰናል። የተብቃቃው አላህ ብቻ ነው።

እስቲ ያን እርሻ ተመልከቱ። ዝናቡን ቤተሰቡ አላወረደውም፤ አፈሩን የሚያላውሰውን ትልና አበባውን የምትጎበኘውን ንብ አልፈጠራቸውም። አረሙን ደግሞ ከሩቅ አገር የመጣ የሰው ልጅ ለቀመለት። እርሻው ራሱን የቻለ ይባላል እንጂ በብዙ እጆች የተደገፈ ነው። ይህን ያመነ ባለ እርሻ የእንግዳውን ድካም አያቃልልም። ያላመነ ግን ድካሙን እንደ ዝናቡ ያለ ዋጋ የወረደለት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ስለ ዝናቡም ሳያመሰግን ይቀራል።

ነቢዩ ሙሳ በመድየን

ውድ አንባቢያን! ለጥያቄያችን መልስ ስፈልግ ሱረቱል ቀሶስ ወደ መድየን ውኃ ወሰደችኝ። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከግብፅ ሸሽተው፣ ደክመውና ተርበው ውኃው ዘንድ ሲደርሱ ሰዎች መንጋቸውን ያጠጣሉ፤ ሁለት ሴቶች ግን እንስሶቻቸውን ይዘው ዳር ቆመዋል። ጠየቋቸው፤ አባታቸው በዕድሜ የገፋ መሆኑንና እረኞቹ እስኪሄዱ እንደሚጠብቁ ነገሯቸው። ሙሳም አጠጡላቸው። ከዚያ ወደ ጥላ ዞር ብለው ከእርሱ ዘንድ ለሚመጣው መልካም ነገር ሁሉ ድኻ መሆናቸውን ለጌታቸው ነገሩ እንጂ ከሴቶቹ ምንም አልጠየቁም።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ብዙዎቻችን በስብከት ሰምተነዋል። ቀጥሎ የሆነውን ግን ልብ በሉ። ሽማግሌው «ለአላህ ብሎ ነው ያደረገው» ብለው ዝም አላሉም። የማጠጣቱን ዋጋ ሊሰጧቸው ልጃቸውን ልከው አስጠሯቸው። ሰጪው አልጠየቀም፤ ተቀባዩም አልረሳም። ሥራው የዓመታት ሥራ ሊሆን ሲልም ውል መጣ፤ ከልጆቻቸው አንዷን ሊድሩላቸው፣ እርሳቸውም ስምንት ዓመት ሊያገለግሉ። አሥር ቢሞሉ ደግሞ በሙሳ ፈቃድ የሚሆን ነው፤ ሽማግሌው ሊያስቸግሯቸው እንደማይሹ በግልጽ ተናገሩ። ሙሳም ከሁለቱ ጊዜ የትኛውንም ቢፈጽሙ እንዳይበደሉ ተስማምተው አላህን ምስክር አደረጉ። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት የፈጸሙት ረጅሙን ነው።

ስምንቱ ዓመት የተወሰነ ግዴታ ነው፤ ሁለቱ ዓመት ስጦታ ነው። ሁለቱ አልተቀላቀሉም። ስምንቱ ተለይቶ ባይነገር ኖሮ ሁለቱ ስጦታ መሆናቸው በምን ይታወቅ ነበር? ከዚህ የተረዳሁት ይህን ነው፤ ስጦታ ስጦታ የሚሆነው የሚገባው ነገር ተለይቶ ሲታወቅ ነው። የሚገባው ባልታወቀበት ቦታ «ስጦታ» የሚለው ቃል የበደል መሸፈኛ ሊሆን ይችላል።

አንሷሮችም መዲና ለደረሱት ሙሃጂሮች የተምር ዛፎቻቸውን ሊያካፍሉ ሲጠይቁ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አልተቀበሉም። በመጨረሻ ሙሃጂሮቹ በሥራው ሊያግዙ፣ ፍሬውን ሊካፈሉ ተስማሙ። ከዚያ የበለጠ ወንድማማችነት የት ይገኛል? እንዲያም ሆኖ ነገሩ ተነጋግረው የወሰኑት ነበር።

በአገራችን ደቦና ወንፈል እንዳለ ታውቃላችሁ። በወንፈል ቀን በቀን ይመለሳል። በደቦ ጠሪው ያበላል፣ ያጠጣል፤ ነገ ጎረቤቱ ሲጠራው ደግሞ ይሄዳል። ሁልጊዜ እየጠራ ሲጠሩት የሚቀረውን መንደሩ ያውቀዋል። ከሩቅ መጥቶ ስድስት ሳምንት ሠርቶ የሚሄድ እንግዳ ግን የሚጠራው ደቦ፣ የሚታዘበውም መንደር የለውም። ስለዚህ ጉርብትና ይጠብቀው የነበረውን ሐቅ ግልጽ ንግግር ሊጠብቀው ይገባል።

ከሩቁ እርሻ ወደ ራሳችን ጓዳ

እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀመጥኩ። «መኝታና ምግብ ብቻ» የሚለው የወዳጄ ቃል ሌላ ነገር አስታወሰኝ። በእኔ ቤት ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ አራት ዓመት ኖራለች። ሌሊት ተነስታ እሳት ታቀጣጥላለች፣ ትጋግራለች፣ ታጥባለች፣ ልጆቼን ትጠብቃለች። ስለ ደመወዝ የሚጠይቀን ሰው ሲመጣ «እንደ ልጃችን ናት» እንላለን። ልጆቼ ግን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እርሷ ወደ ጓዳ ነበር የምትሄደው። ወደ አገሯ ልትመለስ ፌስታሏን ይዛ በር ላይ ስትቆም አንድ ቀሚስና የመሳፈሪያ ገንዘብ ሰጥተን፣ «ዱዓ አድርጊልን» ብለን ሸኘናት።

ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ተቀብሎ ዋጋውን የከለከለን ሰው አላህ (ሱ.ወ.) በቂያማ ቀን ራሱ እንደሚሟገተው በሐዲስ ተነግሮናል። እኔ ይህን ሐዲስ ስለ ሌሎች አሠሪዎች ስጠቅሰው ኖሬአለሁ። «አልቀጠርናትም እኮ፤ ዘመዳችን ናት» የሚለው መልስ በዚያ ቀን ያዋጣኛል ብዬ ግን አላምንም። ያ የአውሮፓ ተማሪ ሲሰለቸው ሻንጣውን ይዞ መሄድ ይችል ነበር። የእኛዋ ልጅ ወዴት ትሄድ ነበር? ለመስጠት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እምቢ ለማለት የማይችል ሰው ደግሞ ሰጠ አይባልም።

ለወዳጄ የሰጠሁት መልስ

ከሳምንት በኋላ ወዳጄን ፈልጌ፣ «ልጅህን ሦስት ነገር ጠይቀው» አልኩት። የሚሠራው ሥራና ሰዓቱ አስቀድሞ ተነግሮት ነበርን? መሥራት ባልቻለበት ቀን ማዕዱ አልተነሳበትምን? በፈለገ ጊዜ ያለ ቂም መሄድ ይችል ነበርን? መልሱን ይዞ መጣ። ሰዓቱ ገና ከመሄዱ በፊት በደብዳቤ ተነግሮታል፤ የሶላቱን ወቅትና የማይበላውን ምግብም አስቀድመው ጠይቀውታል። ሁለት ቀን ታሞ ተኝቶ ነበር፤ የቤቱ እናት ሾርባ ይዘውለት መጡ። ሲሄድም የብስባሽ አዘገጃጀት አስተምረው፣ ከራሳቸው ማሳ የተለቀመ ዘር ቋጥረው ሸኙት። «እንግዲያውስ አመስግነው» አልኩት፤ «እነርሱንም አመስግን።»

እናንተም ልጆቻችሁ እንዲህ ላለ ሥራ ሲነሱ አትከልክሏቸው። ተክል ተክሎ ወፍ፣ እንስሳ ወይም ሰው የበላለት ሙስሊም ሶደቃ እንደሚጻፍለት ተምረናል፤ በሰው ማሳ ላይ የተንበረከከ ጉልበትም አላህ ዘንድ አይጠፋም። ነገር ግን ሦስቱን ጥያቄዎች አስይዛችሁ ላኳቸው። ሐቅ በእነርሱም በኩል እንዳለ ንገሯቸው፤ «በነጻ ነው የምሠራው» ብሎ አረሙን ከላይ ከላይ መቁረጥ አማና ማጉደል ነው። በአንዳንድ አገሮች ለምግብና ለመኝታ መሥራትም በሕግ እንደ ሥራ ስለሚቆጠር፣ የመግቢያ ፈቃዳቸውን ውል ይጠብቁ።

እኔና ባለቤቴ ደግሞ አንድ ማታ ቁጭ ብለን ወራቱን ቆጠርን። 48 ናቸው። አንድ ጊዜ ለመክፈል አቅሙ የለንም፤ ነገር ግን ለልጅቷ ደውለን ይቅርታ ጠየቅናት፤ ሐቋንም በየወሩ መላክ ጀምረናል። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ «ከየት የመጣ ገንዘብ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «የራስሽ ነው» አልኳት።

አላህ (ሱ.ወ.) ለእርሱ ብለን የምንሰጠውን ይቀበለን፤ በስሙ ሸፍነን ያስቀረነውንም የሰው ሐቅ ሳንጠየቅ በፊት ለባለቤቱ የምንመልስ ያድርገን። አሚን።