እያወቀ የማያደርግ ልጅ

በልጅ ላይ ከሚሰነዘሩ ወቀሳዎች ሁሉ «እያወቀ ነው የሚያጠፋው» የሚለውን ያህል የሚከብድ የለም። ላላወቀ ይራራሉ፤ ያወቀ ግን ፍርዱ ይበረታበታል። ኤዲኤችዲ (ትኩረትን መሰብሰብና ራስን መግታት የሚያስቸግር እክል) ያለበት የ15 ዓመት ልጅ ይህን ፍርድ ያፋልሰዋል። የሒሳብ የቤት ሥራውን ማታ አንድም ሳይሳሳት ይሠራል፤ ከሳምንት በኋላ ወረቀቱ ከቦርሳው ሥር፣ ከብስኩት ፍርፋሪ ጋር ተጨማዶ ይገኛል። አላስረከበውም። ማስረከብ እንዳለበት ያውቃል፣ ይፈልጋልም። ሶቅራጥስ በጎውን በእውነት የሚያውቅ ሰው ክፉውን አይመርጥም ብሎ ያምን ነበር። አሪስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ሰባተኛ ክፍል ይህን አልተቀበለም፤ ሰው እያወቀ ሊሸነፍ እንደሚችል ተከራከረ። ሁለቱም ግን የዚህን ልጅ ጉዳይ አልጨረሱትም፤ ምክንያቱም ልጁ አላዋቂ አይደለም፣ በምኞት ተሸንፎም አይደለም። በማወቅና በማድረግ መካከል ራሱን የቻለ ሌላ አቅም አለ፤ እሱ ሲጎድል ፈቃድን መክሰስ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ባለሙያዎች ይህን አቅም ኤክስኪዩቲቭ ፈንክሽን ይሉታል፤ ሥራን መጀመር፣ ማቀድ፣ ጊዜን መገመት፣ የያዙትን በልብ ማቆየት፣ ራስን መግታት ነው። ክርክሩ የሚጠነክረው እንዴት እንደሚለካ ሲታይ ነው። ከታወቁት ፈተናዎች አንዱ በዊስኮንሲን ስም የሚጠራው የካርድ ምደባ ነው። ተፈታኙ ካርዶችን በቀለም፣ በቅርጽ ወይም በቁጥር ይመድባል፤ ደንቡን ሲለምደው መርማሪው ሳይነግረው ይለውጥበታል። ሌላው መንገድ ወላጅና መምህር የልጁን የዕለት ውሎ የሚሞሉበት መጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎቹ ማጊ ቶፕላክ፣ ሪቻርድ ዌስትና ኪት ስታኖቪች ሁለቱን መንገዶች ያነጻጸሩ 20 ጥናቶችን ሲመረምሩ የዝምድናቸው መካከለኛ ልክ 0.19 ብቻ ሆኖ አገኙት። ይህ እጅግ ደካማ ነው። ስለዚህ ብዙ ልጅ ፈተናውን በደህና ያልፋል፤ ቤት ሲመለስ ግን ያው ነው። አባትም «ይኸው፣ ሲፈልግ ይችላል!» ይላል። ነገር ግን የፈተናውን ክፍል ልብ ብለን እንየው፦ ጸጥ ያለ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው አንድ ሥራ ብቻ ነው፣ «ጀምር» የሚለው መርማሪው ነው፣ ሰዓቱን የሚይዘውም እሱ ነው። ልጁ የጎደለውን ለአንድ ሰዓት ከሌላ ሰው ተበድሮ ተፈተነ ማለት ነው።

መጠይቁ የተማረረ ወላጅ ምሬት ነው የሚል ይኖራል። እውነትነት አለው፤ የደከመች እናት ከእውነቱ አክብዳ ልትሞላው ትችላለች። ለዚህ ነው የመምህሩም የልጁም ቃል የሚጠየቀው፤ ምልክቱ ከአንድ ቦታ በላይ መታየት ያለበትም ለዚሁ ነው። ጎረምሳ ሁሉ ዝርክርክ ነው ለሚለው ደግሞ መልሱ ልጁ የሚመዘነው ከእኩዮቹ አንጻር መሆኑ ነው። ከእኩዮቹ ጋር ያለው ልዩነት በአንጎልም ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የወጣ የአንጎል ምስል ጥናት ግማሹ የአንጎል ቅርፊት ከፍተኛ ውፍረቱ ላይ የሚደርሰው በሌሎች ልጆች በ7.5 ዓመት፣ ኤዲኤችዲ ባለባቸው ግን በ10.5 ዓመት ገደማ መሆኑን አሳይቷል።

ከባዱ ተቃውሞ የኃላፊነት ነው፦ ፈቃዱ ካልተወቀሰ ኃጢአትና ጥፋት ምን ትርጉም ይኖራቸዋል? እዚህ ላይ ሃይማኖት ራሱ መልስ አለው። ቤተ ክርስቲያን ምእመኑ የጸሎቱን ሰዓት በራሱ ያስታውሳል ብላ አልተወችውም፤ ደወል ትደውላለች፣ አጽዋማትን በባሕረ ሐሳብ ቆጥራ ታውጃለች፣ የንስሐ አባት ትሰጠዋለች። መስጊድም በቀን አምስት ጊዜ አዛን ያሰማል። የሰው ፈቃድ ብቻውን እንደማይጸና አበው ያውቁ ነበርና ድጋፉን ከውጭ አቆሙለት። ደወሉን ሰምቶ የተነሣን ሰው ጸሎቱ የደወሉ ነው አንለውም። ልጁም በር ላይ ለተለጠፈው ዝርዝር፣ ለሚጮኸው ሰዓት፣ «ወረቀትህስ?» ብሎ ለሚጠይቀው መምህር እሺ ማለት ኃላፊነቱ ነው፤ ድጋፉን ማቆም ግን የእኛ ነው። ድጋፉ ሳይቆምለት የሚፈረድበት ልጅ በግፍ ተፈርዶበታል።

እንግዲህ ወላጆች፣ የልጃችሁ የፈተና ውጤት «ደህና ነው» ተብሎ ሲሰጣችሁ «ሰነፍ» የሚለውን ቃል ከመናገራችሁ በፊት መርማሪውን ጠይቁት፤ በዚያ ክፍል ውስጥ «ጀምር» ያለው ማን ነበር?